ማርቆስ የወሰደብኝ ጥፋት

ጡረታ ከወጣሁ አራተኛ ወሬን ይዣለሁ። ባለቤቴ "አሁንማ እረፍ እንጂ" ትለኛለች፤ ማረፍም ለካ ልምምድ የሚፈልግ ሥራ ነው። ጠዋት ጠዋት ከቤት ወጥቼ ወደ ሶዶ ገበያ እወርዳለሁ። ደረቅ ዝንጅብል የምትሸጥ ሴት ካየሁ እግሬ ይቆማል። አንዱን አነሳና ጆሮዬ ሥር አድርጌ እሰብረዋለሁ። "ካልገዛህ ለምን ትሰብራለህ?" ብላ ስትቆጣ ሰባራውን ገዝቼ እሄዳለሁ። ቤታችን በተሰባበረ ዝንጅብል ተሞልቷል።

ሠላሳ አንድ ዓመት ዝንጅብል ስመርጥ ነው የኖርኩት። በወረቀት "የጥራት ተቆጣጣሪ" እባላለሁ፤ ገበሬው ግን "ሰባሪው" ይለኝ ነበር። ሰው የት እንደሠራሁ ሲጠይቀኝና ስነግረው ፊቱ ወዲያው ይበራል። "አሃ፣ ማርቆስ ጋ! እንዴት ያለ ሰው ነው! እውነት ሠራተኛውን ሁሉ በስሙ ነው የሚጠራው?" ይለኛል። አዎ፣ በስሙ ነው የሚጠራው፣ የልጆቹንም የላሞቹንም ስም ያውቃል ብዬ እመልሳለሁ። ስለ እኔ የሚጠይቀኝ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም። ስለዚህ ሳልጠየቅ ልናገር ተነሣሁ። የምጽፈው በቅናት ነው የሚል ካለ ድካም ቀነሰልኝ፤ አዎ፣ በቅናት ነው።

አያቴ ከሰሜን በሹመት መጥተው እዚሁ ሶዶ የቀሩ ሰው ነበሩ። እኔ እዚሁ ተወልጄ፣ እዚሁ ተምሬ፣ እዚሁ አረጀሁ። ቤታችን የሚነገረው አማርኛ ስለነበር ወላይትኛዬ የገበያ ወላይትኛ ነው። ቁጥር እችላለሁ፣ ሰላምታ እችላለሁ፣ "አልደረቀም" ማለት እችላለሁ። በእነዚህ ሦስት ነገሮች ሠላሳ አንድ ዓመት ሠራሁ ብላችሁ ትስቁ ይሆናል፤ ማርቆስም ይስቅብኝ ነበር።

ሥራውን ያስተማሩኝ ጋሽ ደግፌ ናቸው። ከጉራጌ አገር በወጣትነታቸው መጥተው መናኸሪያው አጠገብ መጋዘን የከፈቱ፣ ቀጭን፣ ሁልጊዜ ሹራብ የሚለብሱ ሰው ነበሩ። የእሳቸውን ያህል ዝንጅብል የሚያውቅ ሰው አላየሁም። ጠዋት እጃቸውን ያለ ሳሙና ይታጠባሉ፤ ሳሙና ሽታ ያሳስታል። ጆንያው ሲከፈት ከላይ ያለውን አይነኩም። "እሱን እንዲታይ ብሎ ነው ያስቀመጠው" ይሉና ክንዳቸውን እስከ ክርናቸው ድረስ ይከታሉ። እዚያው ውስጥ እጃቸውን ትንሽ ያቆዩታል። ሙቀት ካለ እርጥበት አለ። ከዚያ ከመሃል አንድ፣ ከታች ሁለት ያወጡና ጆሯቸው ሥር ይሰብራሉ። የደረቀ ቀጭ ይላል፣ ያልደረቀ ድምፅ ሳይሰጥ ይጎብጣል። "ሁለት ፀሐይ ይቀረዋል" ይላሉ፣ ወይም "አንድ ፀሐይ"። ከአፋቸው ከወጣ በኋላ አማች መጣ፣ ቄስ መጣ፣ አይለወጥም። በግዢ ቀን የገበሬ ቤት ምሳ አይበሉም ነበር። የማንንም ሰው ስም ከመስበራቸው በፊት አይጠይቁም ነበር። እኔም ይህን ሁሉ እንዳለ ወረስኩ።

መጀመሪያ ብቻዬን ለግዢ የላኩኝ ጉኑኖ ገበያ ነው። ቀጥሎ ቢጠና ሁለት ዓመት ቆየሁ። ቢጠና ሞቃት ስለሆነ ዝንጅብሉ ቆዳው ፈጥኖ ይደርቅና ውስጡ እርጥብ ይቀራል፤ በዓይን ካየኸው አንደኛ ደረጃ ነው። ጋሽ ደግፌ ከቢጠና በላክሁት የመጀመሪያ ጭነት ውስጥ ክንዳቸውን ከተው፣ አውጥተው፣ ሹራባቸውን ወደ ታች ጎተቱ። ከዚያ በኋላ የቢጠናን ዝንጅብል ሁሉ ለሁለት ሳልሰነጥቅ አልቀበልም ነበር። ሲቆጡ ከመጮህ ይልቅ ሹራባቸውን ነበር የሚጎትቱት።

ማርቆስ የመጣው እኔ ወደ ጉኑኖ በተመለስኩ ጊዜ ነው። የዚያው የጉኑኖ ገበሬ ልጅ፣ ከእኔ በሦስት ዓመት የሚያንስ፣ ሚዛን ላይ የሚሠራ ሰው። መልኩ ተራ ነው። ቁመቱም ተራ ነው። ይህን የምለው ያላዩት ሰዎች ግዙፍ አድርገው ስለሚያስቡት ነው።

አንድ የገበያ ቀን የአንድ ሽማግሌ ጆንያ መለስኩ። "አልደረቀም" አልኩ፣ በማውቀው ወላይትኛ። ሽማግሌው ጮኹ፣ ልጆቻቸው መጡ፣ የልጆቻቸው ጓደኞች መጡ፣ ከአፍታ በኋላ ግድግዳው ላይ ተለጥፌ ነበር። ማርቆስ ሚዛኑን ትቶ መጣ። የሚገላግል ሰው መሃል ገብቶ እጁን ይዘረጋል አይደል? እሱ መሬት ላይ ቁጭ አለ። ቁጭ ብሎ ሽማግሌውን ቀና ብሎ እያየ የማን ልጅ እንደሆኑ ጠየቃቸው። ድምፁን ዝቅ ስላደረገ ለመስማት ጎንበስ አሉ። ቆይተው እሳቸውም ተቀመጡ። ልጆቻቸውም ተቀመጡ። በአያት በኩል ዘመድ ሆነው ተገኙ። በመጨረሻ ሽማግሌው እየሳቁ ጆንያቸውን አሸክመው ሄዱ።

"ምን አልካቸው?" አልኩት።

"አልደረቀም አልኳቸው" አለኝ።

ቃሉ የእኔው ነበር። ከእኔ አፍ ሲወጣ ድንጋይ የሚያስነሣ፣ ከእሱ አፍ ሲወጣ የሚያስቅ ከሆነ ምን ልበል? ያን ቀን አመሰገንኩት። ከልቤ ግን አልነበረም።

ጋሽ ደግፌ ሲያረጁ መጋዘኑን ለማን እንደሚያስረክቡ ሁላችንም የምናውቅ መስሎን ነበር። እኔማ ለባለቤቴ ነግሬያት ነበር። አንድ ጠዋት ሁለታችንንም ጠርተው ቁልፉን ለማርቆስ ሰጡት። እኔን ወደ ጎን አውጥተው "ጌታሁን፣ አንተ ዝንጅብል ታውቃለህ። እሱ ሰው ያውቃል። ዝንጅብል የሚያውቅ ሰው መቅጠር ይቻላል" አሉኝ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ እውነት መስሏቸው ነው የተናገሩት። እኔ ግን ያንን ንግግር እስከ ዛሬ በምሳ ሰዓት፣ ፊቴን ስታጠብ፣ ቅዳሴ ላይ ሳይቀር እሰማዋለሁ።

ማርቆስ አንዱን መጋዘን አራት አደረገው። ጉኑኖ፣ ቦምቤ፣ ቢጠና መረከቢያ ከፈተ። ዝንጅብል ወደ ውጭ አገር ላኪዎቹ ሶዶ ድረስ እየመጡ ያናግሩት ጀመር። ሰዎች ምስጢሩን ይጠይቁኛል፤ እኔ ያየሁትን ልንገራችሁ። "አቶ" እንዲባል አይፈልግም። ሰውን በሌለበት ያመሰግናል፤ ምስጋናው ዞሮ ባለቤቱ ጋ ሲደርስ ሁለት እጥፍ ሆኖ ነው። አይሱዙው ጭቃ ከያዘው ጫማውን የሚያወልቀው እሱ ነው። የተቀቀለ ጎደሬ ለሠራተኛው ሲመጣ ልጦ ለጎኑ ላለው ሰጥቶ የራሱን በኋላ ይልጣል። አንዳንዴ ሆን ብዬ ከእሱ ቀድሜ ልጬ ለሰው እሰጥ ነበር። ሰውየው ይቀበለኝና ማርቆስን ያመሰግናል።

ዝንጅብሉን በሽታ የመታው ጊዜ ብዙ ነጋዴ በሩን ዘጋ። ሥሩ መሬት ውስጥ እየበሰበሰ ገበሬው ሲያለቅስ እኛ ባዶ መጋዘን እንጠርግ ነበር። ማርቆስ ሁላችንን ግቢ ውስጥ ሰብስቦ ረጅም ንግግር ያደርጋል ብዬ ስጠብቅ "ማንም አይሄድም" ብቻ አለ። ቀጥሎ እያንዳንዱን ሰው እርድ ወይም በርበሬ የሚያበቅል ዘመድ የት እንዳለው ጠየቀ። በሳምንቱ ሠራተኛው ሁሉ የዘመዱን አገር ካርታ እየሣለ ነበር። ማንም አልሄደም። እኔም አልሄድኩም፤ እኔን ምን እንደያዘኝ ግን አላውቅም። እሱን ሲወድቅ ማየት ፈልጌ ይሆናል።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ።

ዝንጅብሉ ቀስ በቀስ ተመልሶ ነበር። የወላይታ ዘመን መለወጫ ጊፋታና መስቀል ሲቃረብ በእኛ አገር ሥጋ ያልገባበት ቤት እንዲኖር አይፈለግም። ሰው ዓመቱን ሙሉ በማኅበር ቆጥቦ በሬ ይገዛል፤ ቁጠባው የጎደለበት ደግሞ መሬት ውስጥ ያቆየውን ዝንጅብል ቆፍሮ፣ በዝናቡ መሃል በተገኘው ፀሐይ ጠብሶ ይዞ ይመጣል። ያ ዝንጅብል በፍጹም አይደርቅም። ጋሽ ደግፌ በዚያ ሰሞን ሁሉንም ይመልሱ ነበር። ማርቆስም ይመልሳል፤ ግን ግቢው ውስጥ ሸራ ያስነጥፍና "እዚሁ አብረን እናድርቀው" ብሎ ገበሬውን ሁለት ሦስት ቀን ያስቀምጠዋል። ዝናብ ሲመጣ ሸራውን አብሮ ይጠቀልላል፣ ሲያባራ አብሮ ይዘረጋል። የእሱ መመለስ ከሌላው መቀበል ይጥማል።

በዚያ ዓመት ማርቆስ አዲስ አበባ ላኪ ሊያናግር ሄዶ ነበር። የቦምቤ መረከቢያ በእኔ እጅ ነው። ጠዋት በሩን ስከፍት ገበሬው ተሰልፏል። ከፊት የነበረው ጎልማሳ አንገቱን አስግጎ ወደ ውስጥ አየና "ሳሮ፣ ጎዳ" ብሎ በወላይትኛ ሰላምታ ሰጠኝና "ማርቆስ የለም?" አለኝ።

"የለም።"

"ማርቆስ ብትኖር ጥሩ ነበር" አለ በተሰባበረ አማርኛው፣ ወደ ጎረቤቱ ዞሮ።

"እኔስ አለሁ አይደል?" አልኩት።

"አንተማ ሁልጊዜ አለህ" አለኝ። ክፋት አልነበረውም። ከኋላው ያሉት ሳቁ።

ጆንያውን ከፈትኩ። ከላይ አነሳሁና ሰበርኩ። ዝንጅብሉ ጎበጠ። አንድ ድምፅ እንኳ አልሰጠም። ሰውየው ፊቴን እያየ "ልጆች ሥጋ ይጠብቃሉ" አለ፣ ቀስ ብሎ። ያኔ "ሁለት ፀሐይ ይቀረዋል" ማለት ነበረብኝ። ሸራ ማስነጠፍ እችል ነበር፤ ሸራው እዚያው ጥግ ላይ ተጣጥፎ ይታየኛል። ግን ሸራ ላይ ሦስት ቀን ከእነሱ ጋር ተቀምጬ ምን አወራለሁ? የላማቸውን ስም ልጠይቅ? እጄ እርጥብ መሆኑን እያወቀ አፌ "ይግባ" አለ።

ሰውየው ትከሻዬን ሳመኝ። ወሬው በሰልፉ ሲወርድ ታየኝ። ሁለተኛው ገባ፣ ሦስተኛው ገባ። ክንዴን ጆንያ ውስጥ አልከተትኩም፤ ብከት የማገኘውን አውቃለሁ። ከሰዓት በኋላ ሴቶቹ እያጨበጨቡ ዘፈኑ፤ ዘፈኑ ውስጥ ስሜን ሰማሁ። ጌታሁን አሉ፣ ሰባሪው አላሉም። አንድ ሽማግሌ ለሥጋ ማባያ የሚሆን ዳጣ በቅጠል ጠቅልለው አመጡልኝ። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ እንደዚያን ቀን የተደሰትኩበት ቀን የለም። ደረሰኙ ላይ ሁሉ አንደኛ ደረጃ ብዬ ፈረምኩ።

መስቀል አልፎ የሶዶውን መጋዘን ስንከፍት አየሩ ሞቅ ብሎ ፊታችንን መታን። ሽታው የቆየ ሊጥ ሽታ ነበር። የቦምቤው ጭነት ከደህናው ዝንጅብል ጋር ተደባልቆ ተደርድሯል፤ ነጭ ሻጋታ ከጆንያ ወደ ጆንያ ተሻግሯል። ላኪው ከሳምንት በኋላ ሊያይ ይመጣል። ይህ ጭነት ካልሄደ ከበሽታው በኋላ ገና መቆም የጀመረው ድርጅት ሁለተኛ አይነሣም፣ አርባ ሰው ደግሞ ቤቱ ይገባል። ማርቆስ መጣ። እጅጌውን ሰብስቦ ክንዱን እስከ ክርኑ ከተተ፣ እንደ ጋሽ ደግፌ። ከዚያ ቀና ብሎ እኔን አየኝ። ማወቁን አወቅሁ።

"ማነው ይህን የተቀበለው?" አለ ከወዛደሮቹ አንዱ። ድምፁ ደግ አልነበረም።

አፌን ከፈትኩ። በማርያም ከፍቼ ነበር።

"እኔ ነኝ" አለ ማርቆስ። "ከመስቀል በፊት ግዙ ያልኩት እኔ ነኝ። ለገበሬው አዝኜ አበላሸሁ። ይቅርታ አድርጉልኝ።"

ጃኬቱን አውልቆ የመጀመሪያውን ጆንያ ራሱ ተሸክሞ ወደ ግቢው ወጣ። አርባው ሰው ተከተለው። ሦስት ቀን ሙሉ አንድ በአንድ ለቀምን። ማንም ቀድሞ ወደ ቤቱ አልሄደም፤ እንዲያውም ሚስቶቻቸው መጥተው ረዱ። ግማሹ እንኳ አልተረፈም። የተበላሸውን ጉድጓድ ቆፍረን ቀበርነው። ላኪው ሲመጣ ማርቆስ የተረፈውን አሳይቶት ሲያበቃ ጉድጓዱንም አሳየው። ሰውየው ጉድጓዱን ብዙ ቆሞ አየና ውሉን ፈረመ። ከዚያ በኋላ ሠራተኛው ማርቆስን ከበፊቱ አብልጦ ወደደው፤ ስላጠፋና ጥፋቱን ስላመነ። እኔ አጠፋሁ፣ እሱ ይቅርታ ተደረገለት። እንደዚህ ያለ ነገር ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

ቢሮው ገብቼ "ለምን?" አልኩት።

"ያን ቀን አንተ ነህ ብዬ ብናገር ሰው ሁሉ አንተን ያይ ነበር፤ ዝንጅብሉን የሚያይ አይኖርም ነበር።"

"አሁን ንገራቸዋ!"

"አለፈ እኮ፣ ጌቱ። ቁጭ በል፣ ሻይ ጠጣ" አለኝ። ጠጣሁ።

ነገሩ እዚያ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ማርቆስ ግን ለአዲስ ሠራተኞች ታሪኩን ይነግር ጀመር። "እኔ አንድ መስቀል ያልደረቀ ዝንጅብል ተቀበልኩ" ብሎ ይጀምራል። ዓመት በዓመት እያማረበት ሄደ። አንዴ በር ላይ ቆሜ ስሰማ "እርጥብ መሆኑን እጄ እያወቀ አፌ ይግባ አለ" ሲል ደነገጥኩ። ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም፣ ለባለቤቴም። እንዴት አወቀው? መጋዘኑን ወሰደ፣ የጋሽ ደግፌን የክንድ ልማድ ወሰደ፣ እሺ። ጥፋቴ ግን የእኔ ነበር። ሰዎች ስሜን በዘፈን የጠሩበት አንዱ ቀን በእሱ ስም እየተነገረ፣ ሰልጣኞቹ ማስታወሻ ይይዙ ነበር።

የስንብቴ ዕለት ግቢው ውስጥ ድንኳን ተጣለ፣ ጥሬ ሥጋ ቀረበ። ማርቆስ ስለ እኔ ተናገረ። "የዚህ ድርጅት ጆሮ ጌታሁን ነው" አለ። ሁሉም አጨበጨበ። እንድናገር ጋበዙኝ። ለወራት ያሰብኩበት ነበርና ወረቀት አላስፈለገኝም።

"የዚያን መስቀል የቦምቤን ዝንጅብል የተቀበልኩት እኔ ነኝ" አልኩ። "ማርቆስ አይደለም። እሱ አልነበረም። እኔ ነኝ ያበላሸሁት።"

ከዚያ አንዱ "ይሄ ነው ታማኝነት!" ብሎ ጮኸና ጭብጨባው ወረደ። "እስከ መጨረሻው ለማርቆስ!" ይላሉ። አንዳንዶቹ ዓይናቸውን እየጠረጉ ነበር። እጄን አነሳሁ፣ አይደለም፣ ስሙኝ አልኩ። ማርቆስ ተነሣ። ፊቱ ቀልቶ ነበር፤ እንደዚያ ሆኖ አይቼው አላውቅም።

"እውነቱን ነው" አለ። "እሱ ነው። እኔ አዲስ አበባ ነበርኩ።"

ይባስ ብለው ቆመው አጨበጨቡ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ጥፋት ይሻማሉ ብለው ይሆናል ያሰቡት። ማርቆስ አየኝ፣ እኔም አየሁት፤ ለመጀመሪያ ጊዜ እሱም የሚያደርገው ጠፍቶት ነበር።

ሥጋዬን ይዤ ወደ ድንኳኑ ጫፍ ሄድኩ። አማረች መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። አማረች ከለቃሚዎቹ ጋር ስድስት ዓመት የሠራች፣ ብዙ የማትናገር የቦምቤ ሴት ናት።

"ጋሼ፣ እኔ አምናለሁ" አለችኝ።

"ምኑን?"

"አንተ መሆንህን። ሰልፉ ውስጥ ነበርኩ፣ ሁለት ጆንያ ይዤ። አንተ ሰበርክ፣ ዝንጅብሉ እምቢ አለ። ይግባ አልክ።"

"ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት ለምን ዝም አልሽ?"

"እርጥብ መሆኑን እያወቅሁ ነው ያመጣሁ። የኔም ጥፋት ነው።" ዳጣውን ወደ እኔ ገፋች። "ባሌ የሞተ ዓመት ነው። ማርቆስ ቢኖር ይመልሰኝ ነበር። እያሳቀ ይመልሰኝ ነበር፣ ግን ይመልሰኝ ነበር። ልጆቼ ያን መስቀል ሥጋ የበሉት ባንተ ነው።"

ወዲያው ዞር አልኩ፣ ማርቆስ ሰምቶ እንደሆነ ለማየት። ከዘበኛው ጋር ቆሞ እጁን ይዞ ያወራል፤ ስለ ጥጃው እየጠየቀው መሆን አለበት። አልሰማም።

"አማረች" አልኳት፣ "እስቲ ይህን ነገር ጮክ ብለሽ ድገሚልኝ።"